ከመጋዙ በፊት መለዋወጫው ይጠየቅ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ባሕር ዛፍ የአርሶ አደሩ የቁም ቁጠባ ነው። ልጅ ሲዳር፣ ሣር ቤት ወደ ቆርቆሮ ሲቀየር፣ የማዳበሪያ ክፍያ ሲደርስ ወይም ሰው ታሞ ወደ ደሴ መውሰድ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚቆጠረው ከጓሮ ያለው ዛፍ ነው። በሬ ከመሸጥ አጣና መሸጥ ይሻላል። በሬ ሲሸጥ እርሻው ይጎዳል፤ ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ለረጅም ጊዜ ሲቆረጥ የኖረው በምሳርና በእጅ መጋዝ ነበር። አሁን በየገጠሩ የሞተር መጋዝ፣ ብዙዎች ቼንሶው የሚሉት መሣሪያ ድምፅ መሰማት ጀምሯል። ሁለት ሰዎች በምሳር ቀኑን ሙሉ የሚለፉበትን ሥራ በጥቂት ሰዓታት ስለሚጨርስ ወጣቶች ተደራጅተው ሊገዙት ይፈልጋሉ፤ የእንጨት ነጋዴዎችም ያለ እሱ ሥራ አይታያቸውም።

ችግሩ ያለው አገዛዙ ላይ ነው። ገዥው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ «ዋጋው ስንት ነው?» እና «ጉልበቱስ?»። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሰንሰለቱ ሲያልቅ ሌላ ከየት ይመጣል? ሲቆም ማን ይጠግነዋል? ይህን ሳይጠይቁ በብድር መሣሪያ መግዛት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው። መሣሪያው ጥግ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ዕዳው ግን ከነወለዱ ይቆጥራል። አስተማማኝና አቅምን ያገናዘበ መጋዝ የሚባለው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ርካሽ የሆነው ሳይሆን፣ መካነ ሰላም ላይ ሆኖ ሊጠገን የሚችለው ነው።

መጀመሪያ ዛፉ ይለካ

ሰው መጋዝ የሚመርጠው በሚቆርጠው ዛፍ ውፍረት ልክ መሆን አለበት። በደጋው በብዛት የሚተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ለማገርና ለአጣና የሚቆረጠው ግንድ ውፍረቱ ከክንድ እስከ ጭን ነው፤ ለቋሚ የሚሆነው ከዚያ ከፍ ይላል። ለጣውላና ለሞራሌ የሚቆየው ግን ሰው በሁለት እጁ የሚያቅፈው ግንድ ነው። ሦስቱ ሥራዎች ሦስት ዓይነት መጋዝ ይጠይቃሉ።

የሞተር መጋዝ አቅም በሲሊንደሩ ይዘት፣ በተለምዶ «ሲሲ» በሚባለው ይለካል። ከ30 እስከ 35 ሲሲ ያለው ትንሹ መጋዝ ክብደቱ አራት ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን ለማገዶ፣ ለቅርንጫፍና ለቀጭን አጣና ይበቃል። ከ45 እስከ 55 ሲሲ ያለው መካከለኛው መጋዝ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ባር ተገጥሞለት የአጣናውንም የቋሚውንም ሥራ ይሠራል። ግንድ ለጣውላ በቁመት የሚሰነጥቅ ሰው ደግሞ ከ70 ሲሲ ያላነሰ ትልቅ መጋዝ ያስፈልገዋል፤ በቁመት መሰንጠቅ ሞተሩን ከአግድም ቆረጣ እጅግ የበለጠ ያደክመዋልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ነው። አጣና የሚቆርጥ ሰው ትልቅ መጋዝ ሲገዛ ለማይጠቀምበት ጉልበት ይከፍላል፤ ተጨማሪ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ከስድስት ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ብረት ይዞ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የደከመ እጅ ደግሞ መጋዝ አይቆጣጠርም። በተቃራኒው በትንሽ መጋዝ ጣውላ ልሰንጥቅ የሚል ሰው በአንድ ወቅት ውስጥ ሞተሩን ያቃጥለዋል። ለአብዛኛው የአካባቢው ሥራ የሚስማማው መካከለኛው ነው።

ጣውላ በሞተር መጋዝ መሰንጠቅ ሌላም ስሌት አለው። ሰንሰለቱ በአንድ ቅድ ከስምንት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር እንጨት ወደ ፍግፋጊ ይለውጣል። አምስት ጊዜ ሲቀደድ ከአራት ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ጣውላ ሊወጣው የሚችል እንጨት መሬት ላይ ይቀራል። በእጅ የሚሳበው ስስ መጋዝ የሚያባክነው ከዚህ ግማሽ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ነጭ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የመሰንጠቅና የመጠማዘዝ ጠባይ አለው። ስለዚህ ጣውላን ዋና ገበያው ለማድረግ ያሰበ ማኅበር ለዚያ የሚሆነውን መጋዝ ከመግዛቱ በፊት ይህን ብክነት አስልቶ መግባት አለበት።

ደጋው የሚወስደው ጉልበት

የመጋዝ ሻጭ የማይናገረው አንድ ነገር አለ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት በቆላ፣ ከባሕር ጠለል አጠገብ የተለካ ነው። መካነ ሰላም ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ወደ ለጋምቦ ከፍታ ተወጥቶ 3 ሺህ ሜትር ሲታለፍ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ስለዚህ እዚህ ደጋ ላይ 50 ሲሲ መጋዝ የሚሰጠው ጉልበት ቆላ ላይ ከ40 ሲሲ በታች የሆነ መጋዝ የሚሰጠውን ያህል ነው። መካከለኛው መጋዝ ለዚህ አካባቢ የሚመከርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጉልበት ማጣቱ ብቻ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቤንዚን ከአየሩ አንጻር ይበዛል። መጋዙ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሲነሳ ያስቸግራል። ብዙ ገዥ ይህን አይቶ «የተበላሸ ሸጡልኝ» ይላል። መድኃኒቱ ግን ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የከፍተኛ ዙር ብሎን በጥቂቱ ማጥበብ ነው። ለዚህም ነው ካርቡሬተሩ በመፍቻ የሚስተካከል መጋዝ መምረጥ የሚያስፈልገው። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ዘመናዊ ካርቡሬተር ያላቸው መጋዞች አሉ፤ ሆኖም ውድ ናቸው፣ ሲበላሹም በመፍቻ ብቻ አይጠገኑም።

እዚህ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ደጋ ላይ ተስተካክሎ የቤንዚኑ መጠን የተቀነሰለት መጋዝ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወይም ወደ ቆላማዎቹ ቀበሌዎች ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ቤንዚኑም ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ባለሁለት ምት ሞተር ዘይትም ያንሰዋል፣ ምክንያቱም ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑም ሲሊንደሩን ይነክሳል። ለጉዞ ሲወርድ ብሎኑን መልሶ ማላላት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ያን አለማድረግ ግን የሞተር ዋጋ ያስከፍላል።

ርካሹና ውዱ

ገበያ ላይ ያሉት መጋዞች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። በአንድ በኩል ስማቸው ለረጅም ጊዜ የታወቀው የጀርመኑ ስቲልና የስዊድኑ ሁስክቫርና አሉ። ስቲል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ሁስክቫርና እ.ኤ.አ. በ1689 በጠመንጃ ፋብሪካነት ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያውን የሞተር መጋዝ ያወጣ ኩባንያ ነው። ከስቲል ኤምኤስ 180 ለትንሹ፣ ኤምኤስ 250 ለመካከለኛው፣ ኤምኤስ 381 እና 382 ለትልቁ ሥራ የሚመደቡ ናቸው። ከሁስክቫርና 450 በመካከለኛው፣ 372 በትልቁ ረድፍ ይቀመጣሉ። 106 ሲሲ ያለው አሮጌው ስቲል 070 ደግሞ በአፍሪካ ገጠሮች ለጣውላ ሲሠራበት የኖረ ግዙፍ መሣሪያ ነው፤ ለአጣና ቆራጭ ግን ሸክም እንጂ ጥቅም አይሆንም።

በሌላ በኩል በቻይና የሚሠሩና 5200 እና 5800 የሚል ቁጥር የተለጠፈባቸው፣ በብዙ ስም የሚሸጡ መጋዞች አሉ። ዋጋቸው ከታወቁት እጅግ ያነሰ ነው። ቁጥሩ 52 እና 58 ሲሲ ለማለት የተለጠፈ ቢሆንም በውስጡ ያለው ሲሊንደር አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ያንሳል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የቻይናው መጋዝ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ስህተት ነው። ብዙዎቹ በአሠራራቸው ስለሚመሳሰሉ የአንዱ ካርቡሬተር ለሌላው ይሆናል፤ መለዋወጫቸውም ርካሽ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ሳምንት የራሱን ማገዶና አጣና ለሚቆርጥ ቤተሰብ ሊበቃ ይችላል። በየቀኑ ለእንጀራው የሚሠራበት ቡድን ግን ሌላ ሒሳብ መሥራት አለበት።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዋጋው ለሚሠራባቸው ቀናት ይካፈላል። የሚከተለው የገበያ ዋጋ ሳይሆን ማሳያ ነው። አንድ መጋዝ በ20 ሺህ ብር ተገዝቶ 100 የሥራ ቀን ቢያገለግል የአንድ ቀን ዋጋው 200 ብር ነው። ሌላው በ60 ሺህ ብር ተገዝቶ 600 ቀን ቢያገለግል የቀኑ ዋጋ 100 ብር ይሆናል። በሦስት እጥፍ ውድ የተባለው በግማሽ ረከሰ ማለት ነው። መኪና አስፋልት ዳር ቆሞ አጣና ሲጠብቅ መጋዝ የቆመባቸው ቀናት ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም።

ይህ ሒሳብ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ውዱ መጋዝ እውነተኛው ሲሆን ነው። የታወቁት ስሞች ተመስለው የሚሠሩ ሐሰተኛ መጋዞች በብዙ አገር ገበያ አሉ። ቀለሙም ጽሑፉም ተመሳሳይ ሆኖ የውስጡ ብረት ሌላ ነው። የእውነተኛውን ዋጋ ከፍሎ ሐሰተኛውን መግዛት ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው። መከላከያው የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ማየት፣ ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና መጠየቅ፣ ከታወቀ አስመጪ ወይም ወኪል መግዛት ነው። ደረሰኝ ለመስጠት የሚያቅማማ ሻጭ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ግብይቱ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ የብር ዋጋ በእጅጉ ስለወረደ ከውጭ የሚገባ መሣሪያም መለዋወጫም ዋጋው ንሯል። ይህም ሰውን ወደ ርካሹ ይገፋዋል። ነገር ግን መለዋወጫ በተወደደበት ጊዜ ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ መሣሪያ መግዛት ይበልጡን ያከስራል።

ሞረድ የሌለው መጋዝ

የመጋዝ እንጀራው ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለት ደነዘዘ ማለት መጋዙ ፍግፋጊ ሳይሆን ዱቄት ያወጣል፤ ሠራተኛው በጉልበቱ ይጫነዋል፤ ቤንዚኑ ያልቃል፤ ሞተሩ ይግላል። በቀን ውስጥ ደጋግሞ፣ ቢያንስ ቤንዚን በተሞላ ቁጥር አይቶ መሳል ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ድቡልቡል ሞረድ ነው። መጠኑ ከሰንሰለቱ ጋር መስማማት አለበት። ለትንሹ ሰንሰለት 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኛው 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለትልቁ ከ5.2 እስከ 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሞረድ ይሆናል። ጥርሱ በ30 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ሁሉም እኩል ርዝመት ኖሯቸው መሳል አለባቸው። አንዱ ወገን ካጠረ መጋዙ ወደ ጎን እየታጠፈ ይቆርጣል።

ስለዚህ መጋዝ ሲገዛ አብሮ ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ዝርዝር አለ። ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ሰንሰለት፣ አንድ ትርፍ ባር፣ ልኩ የሆነ ሁለት ሞረድ፣ ሁለት ካንዴላ፣ የአየርና የቤንዚን ማጣሪያ፣ የማስነሻ ገመድ፣ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለጥርስ መዘውር። ይህን ሁሉ ለመግዛት የማይበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ለመጋዙም ገና አልደረሰም። ሰንሰለት ለማምጣት ደሴ ወይም አዲስ አበባ መርካቶ ደርሶ መመለስ የመጓጓዣውና የጠፋው የሥራ ቀን ወጪ ሲደመር ከሰንሰለቱ ዋጋ ይበልጣል።

ከመግዛት በፊት በከተማዋ ያሉትን የሞተር ሳይክልና የውኃ ፓምፕ ጠጋኞች መጠየቅ ብልህነት ነው። የትኛውን ሞተር ፈትተው ገጥመው ያውቃሉ? የየትኛው ፋሻና ካርቡሬተር በእጃቸው አለ? የጠጋኙ መልስ ከሻጩ ማስታወቂያ ይበልጣል። በአካባቢው አሥር ሰው አንድ ዓይነት መጋዝ ከያዘ የአንዱ አሮጌ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። አሥር ሰው አሥር ዓይነት ከያዘ ግን አሥሩም በተራ ይቆማሉ።

ቤንዚንና ዘይት

በአሠራር ጉድለት ከሚሞቱት መጋዞች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ድብልቁ ነው። መጋዙ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ከተሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ፒስተኑ ይነክሳል። ጥሩ የባለሁለት ምት ዘይት ሲሆን ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር፣ ተራው ሲሆን ለ25 ሊትር 1 ሊትር ነው። ለአምስት ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 100 ወይም 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ዘይቱ በግምት ሳይሆን በሚለካ ዕቃ፣ ለምሳሌ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ ስሪንጅ መለካት አለበት። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም።

ሌላው የቤንዚኑ ጥራት ነው። በእጥረት ጊዜ በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። መኪና ቢታገሠው እንኳ ትንሿ የመጋዝ ሞተር አትታገሠውም። ለወራት የተቀመጠ ድብልቅም ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል። መጋዙ ለክረምቱ ሲቀመጥ ታንኩ መራቆት አለበት። መካከለኛ መጋዝ እንደ ሥራው ክብደት በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ስለሚጠጣ፣ ሥራ የሚጀምር ቡድን ቤንዚን በሕጋዊ መንገድ ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ሰንሰለቱን የሚያለሰልሰው ዘይትም አለ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት በነጻ ስለሚገኝ ብዙዎች እሱን ይሞላሉ። በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ግን የዘይቱን ፓምፕና ባሩን ይበላል፤ የሠራተኛውን ቆዳ ይጎዳል፤ መሬቱንም ይበክላል። ንጹሕ ዘይት መጠቀም ወጪ ይመስላል፤ ባር ከመቀየር ግን ይረክሳል።

ሳይከፈል መፈተሽ

አዲስም ሆነ ያገለገለ መጋዝ ሳይነሳ አይገዛም። ቀዝቅዞ ሳለ በጥቂት ስቦሽ መነሳት አለበት። በዝቅተኛ ዙር ሳለ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም፤ ከዞረ ፍሪሲዮኑ ወይም የዙሩ ማስተካከያ ችግር አለበት። በእጅ ፊት ለፊት ያለው የፍሬን መቆጣጠሪያ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ በቅጽበት መቆም ይኖርበታል። ፍሬኑ የማይሠራ መጋዝ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም። የባሩን ጫፍ ወደ ካርቶን አስጠግቶ ሞተሩን ከፍ ሲያደርጉት ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር መታየት አለበት።

ያገለገለ ሲሆን ተጨማሪ ፍተሻ አለ። የጭስ ማውጫው ተፈትቶ በቀዳዳው በኩል ፒስተኑ ይታያል። ጎኑ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የተጫረ ከሆነ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተናክሷል ማለት ነው። ገመዱ ሲሳብ ያለ ምንም መቋቋም ከመጣ ፋሻው አልቋል። እነዚህን ፍተሻዎች የሚከለክል ሻጭ ካለ ገንዘብን ይዞ መመለስ ይሻላል።

የእግር ዋጋ

ስለ ዋጋ ሲወራ የሚረሳው የሰው አካል ነው። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በሴኮንድ ከ15 ሜትር በላይ ይሮጣል። የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል ሌላ ግንድ ከነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊት በቅጽበት ይመለሳል። የሰው እጅ ይህን ለማስቆም አይደርስም፤ የሚያስቆመው ፍሬኑ ነው። ስለዚህ በባሩ ጫፍ አለመቁረጥ፣ መጋዝን ከትከሻ በላይ አለማንሳትና በሁለት እጅ መያዝ የማይታለፉ ሕጎች ናቸው።

የራስ ቁር ከፊት መከለያና ከጆሮ መሸፈኛ ጋር፣ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ፣ ሰንሰለት የሚያስቆም ክር የተደረገበት የእግር መከለያ ከመጋዙ ዋጋ ጋር አብረው መቆጠር አለባቸው። የመጋዙ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ስለሚበልጥ ያለ መሸፈኛ የሚሠራ ወጣት በጥቂት ዓመታት መስማት ይቀንሳል። በሸበጥ ጫማ ባሕር ዛፍ ላይ ቆሞ መጋዝ የሚያስነሳ ወጣት ማየት የተለመደ ሊሆን አይገባውም። የተቆረጠ እግር ከጫካ ወደ ጤና ተቋም፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎ ወደ ደሴ እስኪደርስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ደም ደግሞ መንገድ አይጠብቅም።

ዛፍ አጣጣልም ዕውቀት ይፈልጋል። በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ሩብ ያህል የሚገባ አፍ ይከፈታል፤ ከጀርባ ሲቆረጥ ደግሞ የግንዱን አሥረኛ ያህል ማጠፊያ ይተዋል። ማጠፊያው ዛፉን ይመራዋል፤ እሱን ጨርሶ መቁረጥ ዛፉን ያለ ልጓም መልቀቅ ነው። ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ ሌላ ሰው፣ በተለይም እረኛና ሕፃን መኖር የለበትም።

ጉቶውና ደንኮሮ

ጥሩ መጋዝ ለዛፉም ይጠቅማል። ባሕር ዛፍ ተመልሶ በደንብ እንዲያቆጠቁጥ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ እንዲያንሸራትት ትንሽ አዘንብሎ፣ ልጡ ሳይገነጠል መቆረጥ አለበት። በምሳር የተከታተፈ ጉቶ ይሰነጠቃል፤ ልጡም ይላጣል። የተሳለ መጋዝ ንጹሕ ጉቶ ይተዋል፤ የደነዘዘው ግን ከምሳሩ ብዙም አይሻልም። ከቆረጣው በኋላ ከሚወጡት በርካታ ቀንበጦች ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት የሚቀጥለውን አጣና ያወፍራል። ሞረድ መግዛት የቀጣዩን ምርት መግዛት ነው የሚያሰኘው ይህ ነው።

በዚያው ልክ መጋዙ አደጋም ነው። በቦረናና በሣይንት አካባቢ የሚገኘው የደንኮሮ ጫካ ዛሬ የቦረና ሣይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ አስታ፣ ጥድና ኮሶ የቀሩበት ቦታ ነው። በምሳር አንድ ጥድ ለመጣል ግማሽ ቀን የሚፈልግ ሕገ ወጥ ቆራጭ በሞተር መጋዝ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበር፣ የማኅበረሰብና የመንግሥት ደንን ለይቶ አስቀምጧል። በራስ ማሳ ላይ የተከሉትን ባሕር ዛፍ መቁረጥና የመንግሥት ደን መንካት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። መጋዝ የሚገዛ ቡድን ከቀበሌውና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ የመቁረጫና የመጫኛ ፈቃዱን በጽሑፍ ይዞ መሥራቱ ለራሱም ዋስትና ነው። የመጋዝ ባለቤቶች በአካባቢው መታወቃቸውም በሕጋዊው ሠራተኛ ላይ የሚነሳውን ጥርጣሬ ያስቀራል።

ማን ይግዛ?

በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚቆርጥ አርሶ አደር መጋዝ መግዛት የለበትም። መጋዝ ያለውን ሠራተኛ በቀን ሒሳብ ቀጥሮ ማስቆረጥ ይበቃዋል። መግዛት ያለባቸው ሥራው ሙያቸው የሆነ ቡድኖች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ አንድ መጋዝ ለአምስት ሰው እየተቀባበሉ ሳይሆን፣ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚይዙት፣ የሥራ ሰዓቱና የቤንዚኑ መጠን በደብተር የሚመዘገብ መሆን አለበት። የሁሉም የሆነ መጋዝ የማንም አይደለም፤ ማንም አይስለውም፣ ማንም ማጣሪያውን አያጥበውም።

እዚህ ላይ የሚመለከታቸው አካላት ድርሻ ይመጣል። ለተደራጁ ወጣቶች ብድር ሲፈቀድ የመሣሪያው ዋጋ ብቻ መቆጠሩ ስህተት ነው። እንደ ጸደይ ባንክ ያሉ አበዳሪዎችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የብድሩ ሰነድ ውስጥ ትርፍ ሰንሰለት፣ ሞረድ፣ መከላከያ ልብስና የጥቂት ቀናት ሥልጠና እንዲካተት ቢያደርጉ ብድሩ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የመኪናና የብረታ ብረት ትምህርት እንዳላቸው ሁሉ የባለሁለት ምት ሞተር ጥገናንና የሰንሰለት ሞረዳን በአጭር ሥልጠና መስጠት አይከብዳቸውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ አባሎቻቸው አንድ ዓይነት መጋዝ እንዲገዙ ተስማምተው መለዋወጫውን በጅምላ ቢያመጡ ዋጋውም ይቀንሳል፣ የደሴ መንገድም ያጥራል።

ይህ ሁሉ ወጪ ይጨምራል፤ ተደራጅቶ ገና ከጅምሩ የከበደ ብድር የሚወስድ ወጣት ይፈራል የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። ተገቢ ስጋት ነው። ግን ወጪው የሚቀር አይደለም። መጀመሪያ ያልተከፈለው የሰንሰለትና የሞረድ ዋጋ ከሦስት ወር በኋላ በቆመ መጋዝ፣ ያልተከፈለው የእግር መከለያ ዋጋ ደግሞ በሆስፒታል ይከፈላል። ገንዘብ ካልበቃ የሚቀነሰው መከለያው ሳይሆን የመጋዙ መጠን ነው። በቂ መለዋወጫ ያለው ትንሽ መጋዝ፣ ባዶውን ከመጣ ትልቅ መጋዝ ይበልጣል።

ባሕር ዛፉ ለመድረስ ዓመታት ወስዷል። አርሶ አደሩ ታግሦ ያሳደገውን ሀብት የሚሰበስብበትን መሣሪያ በአንድ ከሰዓት ጥድፊያ መምረጥ የለበትም። ሱቅ ከመግባቱ በፊት ዛፉን ይለካ፤ ጠጋኙን ይጠይቅ፤ የሞረዱንና የሰንሰለቱን ዋጋ ይደምር። ከዚያ በኋላ የሚቀረው «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያኔ መልሱን ለማመዛዘን አይቸገርም።